አዲሱን አልበም ለእትዬ አበራሽ ያሰማሁ ቀን

መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ የነበረው ልጅ ሳለሁ ነው። ያኔ ጎፋ ውስጥ አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር፤ አምፖሉ ድርግም ሲል እናቶቻችን ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ሲበረብሩ፣ እኛ ልጆች ቀድመን ወደ ግቢው ጥግ፣ ወደ እትዬ አበራሽ ቤት እንሮጥ ነበር። እትዬ አበራሽ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ የሚሰፉ፣ ትዳር ያልያዙ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ይህን ሁሉ ሰሞኑን ያስታወሰኝ አዲስ የወጣ አልበም ነው፤ ስለ አልበሙ ለመናገር ግን ከእሳቸው መጀመር አለብኝ።

እንደዚያ ባሉ ምሽቶች የከሰል ምድጃቸውን ደጃፉ ላይ አውጥተው በቆሎ ይጠብሱልን ነበር። ፋኖሱን ከኋላቸው ሣጥን ላይ ስለሚያስቀምጡት ፊታቸው ጨለማ ውስጥ ይቀራል፤ የምናየው ፍሙ የሚያበራውን እጃቸውን ብቻ ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ የተቃጠለው የበቆሎ ፍሬ ጥርሳችን ላይ እየተጣበቀ፣ ትንፋሻችንን ውጠን እንሰማቸው ነበር። ተረታቸው ከሌላ ሰው ተረት የሚለየው በዜማው ነው። ጅቡ የራሱ ዜማ ነበረው፤ ጦጣዋም፣ ዝናቡም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ካልዘፈንኩ ብሎ ስላስቸገረ ጅብ ሲነግሩን፣ ጅቡ ጉሮሮውን ጠራርጎ እስኪጀምር ድረስ ሦስት ምሽት አስጠበቁን። በአራተኛው ምሽት ጅቡ ዘፈነ፤ ድምፁ እጅግ የሚያምር ሆኖ ተገኘ። ሠርገኛው ግን ፈርቶ ሸሽቶ ስለነበር የሰማው ሰው አልነበረም። እኛ ሳቅን። እሳቸው «ምስኪን» ብለው በቆሎውን አገላበጡ።

በወጣትነታቸው የፋብሪካው የሙዚቃ ቡድን ዘፋኝ ነበሩ፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀራቸው አንድ ካሴት ብቻ ነው። በአንድ የበዓል ቀን በፋብሪካው አዳራሽ ከነባንዱ የተቀዳ አንድ ዘፈናቸው አለበት። አልፎ አልፎ ተረቱ ሲያልቅ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራው ቴፓቸው ያሰሙን ነበር፤ ያኔ እጃቸው እንኳ አይንቀሳቀስም።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበያ ሲሄዱ ቤታቸውን እንድጠብቅላቸው ነገሩኝ። ጓደኛዬ ሰናይት መጣች። እንደ ዘፋኝ ሆነን ድምፃችንን መቅዳት አማረንና ውስጡ ያለው ካሴት የትኛው እንደሆነ እንኳ ሳናይ ቴፑን መቅጃው ላይ አደረግነው። እየተሳሳቅን፣ ተራ እየተቀማማን፣ ጎናችንን እስኪወጋን ዘፈንን። ሲበቃን ካሴቱን አውጥቼ ስመለከት በእጃቸው የተጻፈውን «አበራሽ» የሚለውን አነበብኩ። ካሴቱን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ለማንም አልተናገርንም።

ከሳምንት በኋላ መብራት ጠፋ። ተረቱ ሲያልቅ እትዬ አበራሽ ቴፑን ከፈቱት። የዘፈኑ ኦርጋንና ትራምፔት ይመጣሉ ስንል የሁለት ልጃገረዶች ጩኸትና ሳቅ ግቢውን ሞላው። ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እሳቸው ቴፑን ዘጉትና በተረጋጋ ድምፅ «ድንጋዩ ደክሟል» አሉ። ድንጋዩ ግን አልደከመም ነበር። ከዚያ ሌላ ተረት ጀመሩልን፤ ያን ምሽት የነገሩን ተረት ዜማ አልነበረውም።

ይቅርታ አልጠየቅሁም። በማግስቱም፣ በወሩም አልጠየቅሁም። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ዕጣ ወጣልንና ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ስንሰናበት ጉንጬን ስመው «እንዳትጠፊ» አሉኝ። መጀመሪያ ላይ በዓል በመጣ ቁጥር ከእናቴ ጋር እሄድ ነበር፤ እያደር እናቴ ብቻዋን ትሄድ ጀመር። እኔ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። እውነቱ ግን እቤታቸው በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ያ ቴፕ ላይ ያርፍ ስለነበር ነው።

በዚህ ሳምንት፣ ከተማሪነቴ ጀምሮ የምወዳት ዘፋኝ አልበም አወጣች። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የምትሠራ፣ ዓመታት ጠፍታ የከረመች ልጅ ናት። ማክሰኞ፣ ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ወጥቼ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩና ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። መጀመሪያ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የለመድኩት የኮምፒውተር ከበሮ የለም። አንድ ኦርጋን ብቻውን፣ ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ሆኖ፣ ቀስ እያለ መጣ። ከዚያ ሳክስፎንና ትራምፔት ገቡ። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው በአንድ ጊዜ የተቀዱ ይመስላል፤ የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይፈስሳል። ሁለተኛውን ዘፈን እውነቴን ነው አልወደድኩትም፤ አሮጌ ለመምሰል ሲጣጣር ያስታውቅበታል። ሦስተኛው ላይ ግን ዘፋኝዋ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ሳበች፣ የቀዷትም ሰዎች ትንፋሿን ሳይቆርጡት ተውት። እኔ ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። እትዬ አበራሽም ካሴቱ ላይ ልክ እንደዚያ ትንፋሽ ስበው ነበር የሚጀምሩት። ከሰማሁት ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሰልፉ መሃል ቆሜ እንባዬ መጣ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አጠፋሁት። ሰልፉን ትቼ ወያላው ጎፋ ጎፋ ወደሚልበት ታክሲ ገባሁ።

ግቢው ግማሹ ፎቅ ተሠርቶበታል። የእሳቸው ቤት ግን አለ። በሩን የከፈተችልኝ አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ አልማዝ ናት። እትዬ አበራሽ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በጣም አንሰውብኛል።

«ማን ናት?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ፣ ሂሩት።»

«የጀሞዋ ሂሩት? ምነው ልጄ፣ እንዲህ ይጠፋል?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የማሰማዎት ዘፈን አለ አልኳቸው። «በቀኙ አድርጊልኝ፣ ግራው አይሰማም» አሉኝ። ማዳመጫውን ቀኝ ጆሯቸው ላይ አደረግሁና ሦስተኛውን ዘፈን ከፈትኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘፈኑ ሲያልቅ ገለጡት።

«ነፊዎቹ ጎበዞች ናቸው» አሉ። «ከበሮ መቺው ይቸኩላል። ልጅቷ ግን የሚሰማት ሰው እንዳለ አውቃ ነው የምትዘፍነው። ያ ነው ያማረባት።»

ያን ጊዜ ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር ገባኝ። «እትዬ፣ ያንን ካሴት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ቶሎ ብለው። «ድምፅሽን ላላውቀው ነው እንዴ? ከሰናይት ጋር ስትስቂ?»

ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። ጥፋቴን የደበቅሁ እየመሰለኝ፣ ካሴቱ ላይ የቀረው የራሴ ድምፅ ነበር።

«ተናድጄ ነበር» አሉ። «በጣም ነበር የተናደድኩት። ሁለት ሳምንት ፊትሽን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ብቆጣሽ በማግስቱ ትቀሪያለሽ። አንቺ ስትቀሪ ሌሎቹም ይቀራሉ። እኔን የምትሰሙኝ ደግሞ እናንተ ብቻ ነበራችሁ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተረቱን ለእኛ ሲሉ ብቻ የሚነግሩን ይመስለኝ ነበር። በቆሎውን ፈልገን የምንሄድ፣ ዝም ብለን የምንቀበል ልጆች ነበርን፤ ቁጭ ብሎ መስማታችን ለእሳቸው ምን እንደነበር ያኔ ማን ይነግረናል? እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እጄን ያዙና «የካሴቱን ይቅር ያልኩሽ ድሮ ነው» አሉኝ። «የመጥፋትሽን ግን ገና ዛሬ ነው።»

ከዚያ «ድገሚው» አሉ። በዚህኛው ጊዜ ማዳመጫውን ነቅዬ ድምፁን ለቀቅሁት። ሁለተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ፣ ቃሉን ገና ሳይዙት፣ ከዘፋኝዋ ድምፅ ሥር ገብተው አብረዋት ማንጎራጎር ጀመሩ። ድምፃቸው ሻክሯል፣ አንዳንድ ቦታም ይቆረጣል፤ ዜማውን ግን አልሳቱትም። አልማዝ ሳህን ከምታጥብበት ወጥታ በረጠበ እጇ በሩ ላይ ቆመች። ሲዘፍኑ ሰምታቸው አታውቅም ነበር።

አራተኛውን ልከፍት ስል እጄን ያዙኝ። «ሁሉንም ዛሬ አንጨርሰው» አሉ። «ቀሪውን እሁድ መጥተሽ አብረን እንሰማዋለን።»

እሳቸው ከነገሩን ተረቶች የብዙዎቹ መጨረሻ ጠፍቶብኛል። እንደዚያ በአንድ ነገር ላይ ተሰብስቦ መስማት ምን ያህል ደስ ይል እንደነበር ግን ሰውነቴ አልረሳውም፤ ያን ስላስተማሩኝ እትዬ አበራሽን አመሰግናለሁ። መኖሬን የማታውቀዋን፣ ትንፋሿን ሳትቆርጥ የተወችልኝን ዘፋኝም አመሰግናለሁ። ሥራ ቦታ አልበሙ እንዴት ነው ሲሉኝ ገና አልጨረስኩትም እላለሁ፤ አራት ቀን ሙሉ ሦስት ዘፈን ብለው ይስቁብኛል። አራተኛው እዚሁ ስልኬ ላይ አለ፣ በጣቴ ብነካው ይጀምራል። አልነካውም። ነገ እሁድ ነው፤ ጎፋ ውስጥ አንዲት ሴት እየጠበቁኝ ነው።