አውድማ የወረደችው ትንሿ ካሜራ

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት። ከዚያ ወዲህ እስክርቢቶ የያዝሁት ለመፈረም ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ሰው ፊት ማውራትም አይሆንልኝም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ነው የምገባው። ወረቀት ግን አያፈጥብኝምና ስለ ካሜራችን ልናገር።

የምንኖረው ከሮብ ገበያ እልፍ ብሎ ባለ መንደር ነው። የቤታችን ስልክ ፎቶ የማያነሳ ባለ ቁልፍ ነው። ባሕር ዳር የሚሠራው ወንድሜ አንድ ቀን ደውሎ፣ “ፊታችሁ ሊጠፋብኝ ነው፤ ለቤት የሚሆን ካሜራ ግዙ፣ ክፍያው በእኔ” አለ። አባየና እኔ ማርቆስ ከተማ ወርደን እንድንገዛ ተቆረጠ።

ልንሄድ ስንል እማየ ጓዳ ጠራችኝ።

“ቪዲዮውን ነው የምታስገዢው” አለች። “ድምፅ የሚይዘውን።”

“ለምን?”

“ጎረቤታችን የነገረችኝን አልሰማሽም። አባትሽ አውድማ ላይ በሬ ሲነዱ በዘፈናቸው አንዲት ሴት ያነሳሉ አሉ። አብሯቸው የሚያበራየው ባሏ ነው የነገራት፤ ማን ናት ብትለው ሳቀባት።”

በእኛ አገር ሴት አውድማ አትረግጥም፤ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ምግቡን ዳር አስቀምጠን፣ ተጣርተን እንመለሳለን። ስለዚህ ወንዶቹ እህል ሲያበራዩ ለበሬ የሚሉትን ሚስቶቻቸው አያውቁም። እማየም እስከዚያ ድረስ ግድ ብሏት አያውቅም ነበር። ያን ወሬ ከሰማች ወዲህ ግን ወጡን ጨው ታበዛበታለች።

“በሬው የሚያውቀውን እኔ ሳላውቅ ልሞት ነው?” አለች።

ማርቆስ ስንደርስ አንድ ባለሱቅ ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች ባንኮኒው ላይ አኖረልን። አንደኛው እጅ የሚገባበት ማሰሪያ ያለው፣ ጎኑ እንደ መስኮት የሚከፈት ቪዲዮ ካሜራ ነው። ሁለተኛዋ ኪስ የምትገባ የፎቶ ካሜራ ናት። አባየ ትልቁን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

“ይሄ አባባ፣ ሠርግ ቢሉ ክርስትና ሁሉንም ከነድምፁ ይይዛል” አለ ባለሱቁ።

“ከነድምፁ?” አሉና መልሰው አስቀመጡት።

“ልጅ ሲስቅ፣ ላም ስትጮህ...”

“ላሚቱን እዚያው ቤቴ እሰማታለሁ። ፎቶ ይበቃናል። ፎቶ ዝም ብሎ ተከብሮ ይኖራል።”

ባለሱቁ ወደ እኔ ዞሮ “አንቺስ?” ቢለኝ መሬት መሬት አየሁ። አባየ ጎረቤት ሱቅ ማረሻ ሊያዩ ወጣ ሲሉ ባለሱቁ ትንሿን አንስቶ፣ “እህቴ፣ ይቺም እኮ ቪዲዮ ትቀርፃለች፣ ከነድምፁ። ይችን ቁልፍ ማዞር ነው። ለአባባ ልንገራቸው?” አለኝ።

“ተዋቸው፤ ደስ ብሏቸዋል” አልሁት። ከማላውቀው ሰው ጋር ያን ያህል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

አባየ ሲመለሱ፣ እንዳሉት ትንሿ ትሻላለች አልኋቸው። “አየህ፣ ዝምተኛ ልጅ አስተዋይ ናት” አሉት ባለሱቁን።

እማየ ግን ትንሿን ስታይ ፊቷን አዞረችብኝ። ጓዳ ገብቼ በጆሮዋ ስነግራት ነው አፏን በነጠላዋ ይዛ የሳቀችው።

ጤፉ በሚበራይበት ቀን እንጀራና ጠላ ይዤ ሄድሁ። ዳር አስቀመጥሁ፤ ተጣራሁ፤ እንደ ወጉ ለመመለስም ዞርሁ። ከዚያ ከገለባው ክምር ጀርባ ቁጢጥ አልሁና ካሜራዋን ገለባው ውስጥ ሸጎጥኋት። እግሬ አውድማውን አልረገጠም። የረገጠው የካሜራዋ ዓይን ነው፤ እሱ ደግሞ ሴት ይሁን ወንድ የነገረኝ የለም።

ቤት ውስጥ አባየ ከ“ጨው አምጡ” የሚረዝም ነገር አይናገሩም። እዚያ ግን ከበሬዎቹ ኋላ እየዞሩ፣ ጥቁሩን በሬ በቀንዱ፣ በሻኛው፣ በአረማመዱ እንደ ሙሽራ አሞገሱት። ቀጥለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና፣

“ቁጡ ናት ሴትዮዋ፣ አንተም ታውቃታለህ፤
ጎተራው ሳይሞላ፣ ምንስ ትላታለህ?”

ሲሉ ወንዶቹ እየሳቁ ተቀበሏቸው። እኔ እንዳልስቅ ነጠላዬን ነከስሁ።

በማግስቱ አባየ እዚያው አውድማ ሲውሉ ከእማየ ጋር ጓዳ ተቀምጠን ቪዲዮውን አየነው። ከምስሉ እኩሌታው ገለባ ነው፤ አልፎ አልፎ የበሬ እግርና የአባየ እግር ያልፋል። እማየ ማየቱን ትታ ጆሮዋን ለጠፈችበት።

“እኔን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም” አለች የበሬውን ሙገሳ ስትሰማ። ግጥሙ ሲመጣ ደግሞ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

“ድገሚው።”

ደገምሁት።

“እኔ ነኝ?”

“ሌላ ቁጡ ሴት እዚህ ቤት የለችም” አልሁ።

ልትመታኝ እጇን አነሳችና በዚያው እጅ ፊቷን ሸፍና ሳቀች። “እሰይ፣ ሌላ አይደለችም” አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ “ቁጡ ግን ምን ማለት ነው?” አለችኝ፣ በቁጣ።

ያን ዕለት ማታ ራት ላይ ለአባየ ጠላውን በትልቁ ዋንጫ እስከ አፉ ሞልታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

“እንኩ፤ ቁጡዋ ሴትዮ ጥሩውን ነው የቀዳችልዎ። ጎተራውም ሊሞላ ነው፤ አይፍሩ።”

አባየ የጠቀለሉትን ጉርሻ እንደያዙ ቀሩ። እማየን አዩ። ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችውን ካሜራ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ጓዳ እንዳልገባ እማየ በሩ ላይ ተቀምጣለች።

ጠላውን ቀስ ብለው እስከ ግማሽ ጠጡት። ጢማቸውን ጠረጉና፣

“ነገ ማርቆስ ትወርጃለሽ” አሉኝ። “ይችን ትመልሽና ትልቁን ታመጫለሽ። እሱ ቢያንስ ሲመጣ ይታያል።”