የቀረበችው ጅዳ

እህቴ በቤት ሠራተኝነት ጅዳ የሄደች ሰሞን እናታችን እህል አልወርድ አላት። ጅዳ ለእሷ ሐጅ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ከጎረቤቱ ሁሉ አውፍ፣ ይቅር ተባብለው የሚሄዱበት ሩቅ አገር ነበር። አንድ ቀን ልቅሶዋ ሲያሰለቸኝ ስልኬን አውጥቼ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ጅዳ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ አየሁላት።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው» አልኳት።

«ወላሂ በል! እኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ደብረ ብርሃን መች እንደርሳለን?»

«አንደርስም።»

«እንግዲያው ልጄ ከአዲስ አበባ ትቀርበኛለች በለኛ!»

ከምንኖርበት ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ በመኪና ግማሽ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለእህቴም በስልክ፣ የጅዳን ቅርብነት ስትሰብክ ከረመች። አውሮፕላኑ ከእኛ ሰፈር እንደማይነሳ፣ የእህቴ አሠሪዎችም ሲፈልጉ እንጂ ስትፈልግ እንደማይለቋት አልነገርኳትም። ደስ ካላት ምን አገባኝ?

እናቴ ድንገት ታማ የሞተችው ማሾ በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ከቀብር እንደተመለስን ስልኬን ሳነሳ አጎቴ እጄን ያዘኝ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ቤት ብቻዋን ናት፤ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ትምጣና ከዘመድ መሃል ትስማ።»

እውነቱን ነው፤ አገሩም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። እሱ ግን ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዝም የማለቱ ሥራ ለእኔ ቀረ።

እህቴ በየጁምዓው ትደውላለች።

«እማስ?»

አንድ ጊዜ ሶላት ላይ ናት አልኳት። ሌላ ጊዜ ዘመድ ጥየቃ ካራቆሬ ሰደድኳት። ሌላ ጊዜ ጥርሷን አሳመምኳት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ ግን እያደር ከበደኝ። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ደጅ ሲያስወጣ እኔ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። እንዳሻኝ እንዳላለቅስ ድምፄ ይዘጋና በስልክ ያሳብቅብኛል። ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ለእናቴ እንደኔ አድርጋ ልታለቅስ የምትችል አንዲት ሰው ነበረችኝ፤ የማታልለውም እሷኑ ነበር።

በመጨረሻ ፈቃድ አገኘች። ልንቀበላት እኔና አጎቴ ከአንዲት የእናቴ ጎረቤት ጋር በሚኒባስ ወጣን። የተመከረው፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ገብታ፣ በልታ፣ ተኝታ፣ ጎህ ሲቀድ ሊነገራት ነው። ብርዳሙ ጣርማ በር ላይ አጎቴ በቆላ ሸሚዙ ተንቀጠቀጠ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅበት ነበር።

ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ።

«አውሮፕላን ውስጥ ገብቻለሁ! እማን አቅርብልኝ።»

አጎቴ በዓይኑ ገሠጸኝ።

«መንገድ ላይ ነን» አልኳት። «ልንቀበልሽ እየመጣን ነው።»

«እማም አለች?»

ደግነቱ ስልክ ዝጉ ተባሉ መሰለኝ፣ እሷው ተቻኮለች።

«በቃ ልዘጋ ነው። ጅዳ እንዳልሽው ቅርብ ናት በላት!»

እየሳቀች ዘጋችው። ለእኛም አዲስ አበባ ለመድረስ የእሷን ያህል የሰዓት መንገድ ቀርቶናል። ሹፌሩ ሲፈጥን በማያገባኝ ተቆጣሁት። እህቴ እዚያ ላይ፣ ደመናው መሃል፣ እስክታርፍ ድረስ እናት አላት።

እናቴ ጅዳን ስላቀረበላት አላህን ስታመሰግን ኖራለች። እኔ በዚያን ቀን ጅዳን መልሶ እንዲያርቅልኝ ለመንኩት።