ከእህቴ ጉልበት ጀርባ የተገኘው መዥገር

አራት ነበርን፤ ቫኑን የነዱት ጋሼ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቅመም የሚሸጡት እትዬ፣ የስድስት ወር እርጉዝ የነበረችው ታላቅ እህቴ፣ እና እኔ። ቅዳሜ ጠዋት ለጸሎት ተራራ ወጣን። መኪና ማቆሚያው ላይ «ከመንገዱ አትውጡ» የሚል ሰሌዳ አለ። ጋሼ ስለ እባብ የተጻፈ መስሏቸው፣ እባቡን በጸሎት አስረው ረጅሙ ሣር ውስጥ አስገቡን። እንደ ልማዳችን ጫማ አውልቀን ተንበረከክን።

ስንነሣ እህቴ ከጉልበቷ ጀርባ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ነገር ዳሰሰች።

«መዥገር ነው» አሉ ጋሼ። «ክብሪት ስጡኝ፣ ላቃጥለው።»

«ጋሼ፣ እንደ አገር ቤት ከብት የምታቃጥሉኝ፣ ላም ነኝ እንዴ?» አለች እህቴ።

«በእሳት አይሆንም» አልኩ። «ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ደሟ ይተፋል።»

«አንተ ላም በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ ጋሼ።

«አላውቅም። ስለ መዥገር ግን አንብቤያለሁ።»

ያነበብኩት ስለ ላይም በሽታ ነበር፤ መዥገር ከአይጥ ደም ወስዶ ለሰው የሚሰጠው። እህቴ ሆዷን ይዛ «ለልጁ ይተርፋል?» አለች። እትዬ ከቁልፎቻቸው ጋር የሚይዙትን የእሾህ ማውጫ ወረንጦ አቀበሉኝ። መዥገሩን ከቆዳዋ አጠገብ ይዤ ቀጥ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ሳይቆረጥ ወጣ።

ከዚያ እሷ የተንበረከከችበትን ሣር አየሁ። አንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ ሌላ መዥገር ነበር፤ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ወደ ላይ ዘርግቷል። ይህ ዓይነቱ ዓይን የለውም። ቀስ ብዬ ስተነፍስበት እግሮቹን አወዛወዘ፤ ትንፋሼን በእነሱ ነው ያሸተተው። ጋሼም ጎንበስ ብለው ተነፈሱበት። እንደገና አወዛወዘ።

«እኛ እጃችንን ዘርግተን ስንጸልይ፣ እሱም ዘርግቶ ይጠብቀን ነበር» አሉ። የክብሪቱን ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

ሰኞ ሐኪሟ በላስቲክ ይዘን የሄድነውን መዥገር አየችው። «መቼ ተጣበቀ? ከአንድ ቀን ካነሰ አደጋው ትንሽ ነው።» እህቴ ሐሙስም እዚያው ተራራ ወጥታ ስለነበር ማናችንም እርግጠኛ አልነበርንም። ሐኪሟ ግን ሆዱ ገና ጠፍጣፋ፣ ያልጠገበ መሆኑን አሳየችን። «ለአንድ ወር ቦታውን ተመልከቱ» አለች። በየጠዋቱ ተመለከትን። የበሽታው ምልክት የሆነው እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ አልወጣም። ልጁ በጊዜው ተወለደ፤ ጤነኛ ነው።

መዥገሩ እንዳይቆረጥ ስጠነቀቅ ብዙ ነገር አምልጦኛል። ጋሼ፣ እትዬ፣ እህቴ፣ የጎደለውን ጨምሩልኝ። ግራ ጉልበቷ ነበር ወይስ ቀኝ? ስስበውስ ከእናንተ ማን ነበር «ቀስ» ያለኝ?