የኪዳነ ምሕረት ዳገት ፌርማታ

የብርጓል ምናለ ባጃጅ ነጂ የሆነችው ባሏ ደመላሽ ስለፈራ ነው። ሰውዬው ባጃጇን በገዛ በሳምንቱ ቦይ ውስጥ ከትቷት፣ ሁለተኛ መሪ አልነካም ብሎ ማለ። የብርጓል ሳቋን እየዋጠች ቁልፉን ከእጁ ወሰደች። ከልጅነቷ ስትመኘው የኖረችው ነገር ነበራ! ሉማሜ ከተማ ስታድግ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም፣ ሌላው ልጅ መንገደኛውን ሲያይ እሷ የምታየው ሾፌሩን ነበር።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ላይኛው ሰፈር የሚሄድ ታክሲ አልነበረም። ሰፈር መባሉም ለይሉኝታ ነው እንጂ የጤፍ ማሳ ነበር። ሌሎቹ ባለባጃጆች «ቁራ ልትጭኚ ነው?» እያሉ ቀለዱባት። እሷ ግን አንድ ደንበኛ አገኘች፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እማማ ጥላነሽን። እሳቸውም ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ዳገቱ መሀል ካለው የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በር ሲደርሱ ትከሻዋን ያዝ አደረጓት።

«ቁሚልኝማ ልጄ! ሳልሳለም አላልፍም።»

ቆመች። እማማ ወርደው በሩን ተሳልመው እስኪመለሱ የብርጓል ፍሬኑን ረግጣ ጠበቀች። የባጃጇ የእጅ ፍሬን አይታመንም፤ እግሯን ካነሳች ቁልቁል ወደ ገበያው መንደርደር ነው።

በማግስቱ አብረዋቸው የተሳፈሩት አጉረመረሙ። ውለው አድረው ግን እነሱም መውረድ ጀመሩ፤ ሌላው ሲሳለም ቁጭ ብሎ ማየት የማርቆስ ሰው አይሆንለትም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዳገቱ ላይ መቆም ደንብ ሆነ። ባጃጅ የሚቆም ከሆነማ ብሎ ሰው እዚያው ይጠብቅ ጀመር፤ ሰው ሲበዛ ጧፍ ሻጭ መጣች፤ ከጧፍ ሻጯ ጎን ሻይ ቤት ተከፈተ፤ ከሻይ ቤቱ በላይ ቤት ተሠራ። እነዚያ የቀለዱባት ባለባጃጆች ተሰልፈው ተከተሏት፣ ሚኒባስም ገባ። የጤፉ ማሳ የት እንደገባ እንጃለት። አንዲት አሮጊት ለመሳለም ባይወርዱ ያ ሁሉ ሰፈር ባልኖረ ነበር ሲባል፣ ተጋነነ የሚል ይኖራል፤ ይበል።

ዘንድሮ ከተማው አውቶቡስ ገዛ። የብርጓል መንጃ ፈቃዷን አሳድጋ ተወዳደረች፤ የቀራት የሙከራ ጉዞው ብቻ ሆነ። ከኋላዋ የሚቀመጠው ተቆጣጣሪ፣ አቶ ዓለምነው፣ ደንቡን ቁርጥ አድርጎ ነገራት፤ ምልክት ከተተከለበት ፌርማታ ውጭ የቆመ ሾፌር ቁልፉን ያስረክባል። ዳገቱ ላይ ደግሞ ምልክት አልተተከለም።

በሙከራው ቀን ጠዋት እማማ ጥላነሽን ደግፋ አሳፈረቻቸው።

«እማማ፣ ዛሬስ ኪዳነ ምሕረት ላይ አልቆምም። የእንጀራ ነገር ሆኖብኝ ነው፤ አይቀየሙኝ።»

«ምን ገዶኝ! በመስኮት እሳለማለሁ። እሷ እንደሁ የትም ብንሆን ታየናለች» አሉ። እንዲህ ይበሉ እንጂ ፊታቸው ላይ ቅሬታ ነበር።

አውቶቡሱ ዳገቱን ያዘ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቅ ሲል የብርጓል ጥርሷን ነክሳ ነዳጅ ሰጠች። ለካ ከኋላዋ ላለው ሕዝብ ማንም አልነገረውም! የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ለመውረድ ተነሥቶ ቆሟል። አውቶቡሱ በሩን አልፎ ሲሄድ አንዱ በአንዱ ጭን ላይ ተቀመጠ። «ኧረ አለፍሽው! ኧረ በሩ!» ጩኸት በጩኸት ሆነ። ከሁሉም በላይ የሚሰማ አንድ ድምፅ ነበር።

«ቁሚ እንጂ የብርጓል!»

በመስተዋቱ ብታይ አቶ ዓለምነው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ደረቱ ላይ ይዞ፣ የአውቶቡሱ በር ዘንድ ደርሷል። እሱም ለካ የላይኛው ሰፈር ነዋሪ ኖሯል።

«ምልክት የለውም እኮ ጌታዬ!»

«ምልክቱን እኔ አስተክለዋለሁ፤ ቁልፍሽንም ማንም አይነካው። ቁሚ ብቻ!»

ቆመች። ሕዝቡ እየተሳሳቀ ወረደ። ከወንበራቸው ያልተነሡት እማማ ጥላነሽ ብቻ ነበሩ፤ ቃላቸውን ጠብቀው፣ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ይሳለማሉ።

«እማማ፣ ቆመናል እኮ! ይውረዱ እንጂ።»

እማማ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺሳ? ያን ሁሉ ዓመት እኛን ስታወርጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ወርደሽ ስትሳለሚ አላየሁሽም።»

እውነታቸውን ነው፤ እዚህ ዳገት ላይ እግሯን ከፍሬን አንስታ አታውቅም። የአውቶቡሱን የእጅ ፍሬን ሳበች፤ ቀጥ አለ። ሞተሩን አጠፋች። እንባዋን በመዳፏ ጠረግ አድርጋ እጇን ለእማማ ዘረጋች፣ ተያይዘውም ወረዱ።