ከሞጣ የተመለሰው ቀሚስ

ከሞጣ ወደ ቢቸና ስንጓዝ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የታጠፈ የሐበሻ ቀሚስ ታቅፈው ነበር። ኮታቸው ያረጀ ቢሆንም በጥንቃቄ ተተኩሷል። ቢቸና የታወቀ የልብስ ሱቅ አላቸው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝባቸው በቴሌግራም መሸጥ ጀመሩ።

«ሱቄ የሚገባን ሰው ትከሻውን አይቼ ልኩን አውቃለሁ። በስልክ ግን ስም ብቻ ነው የማየው» አሉኝ። «ይኸው ለአንዲት ደንበኛ ሞጣ ድረስ ብወስድላት፣ ‹ፎቶው ላይ እንዳለው አይደለም› ብላ መለሰችልኝ።»

ፎቶውን በስልካቸው አሳዩኝ። የታቀፉትን የመሰለ ቀሚስ የለበሰች ሴት አንገቷን ሰበር አድርጋ ትስቃለች።

«ታምራለች። ሞዴል ናት?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ ናት፤ ነፍሷን ይማረውና» አሉ፣ የስልኩን መስታወት በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ። «ልጆቼ ሌላ ሴት አልብሰህ ፎቶ አንሳ ይሉኛል። ሞክሬም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።»