የጋሽ ይማም ዱዓ

ጋሽ ይማም የአሜሪካ ዜግነት ፈተናውን ያጠኑት ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዱ ነው። ልጃቸው ሪሀና ስልካቸው ላይ የቀዳችላቸውን ጥያቄና መልስ ሲሰሙ ይውላሉ። «የሃይማኖት ነፃነት ምንድን ነው?» ሲባል «የፈለጉትን ሃይማኖት መከተል፣ ወይም ምንም አለመከተል» ነው መልሱ። ፈተናው ላይም ይህንኑ ብለው አለፉ።

በፈረንጆቹ 2021 ማስክ አድርገው ቃለ መሐላ በፈጸሙ ማግስት፣ ኮሎምበስ ያለው የወሎ ሰው ቤታቸው ተሰብስቦ ዱዓ ተደረገ። ጋሽ ይማም አገሩን የመሠረቱትን ሰዎች ሳይቀር መረቁ። «የሰው ሃይማኖት አንነካም ያሉ ጨዋዎች!» ሁሉም እጁን ዘርግቶ «አሚን» ሲል የሪሀና እጅ ከጉልበቷ አልተነሳም።

እንግዶቹ ሲወጡ ምን ሆነሽ ነው አሏት።

«ሶሪ አባዬ፣ በፈጣሪ አምናለሁ» አለች። «ግን ዓለምን ፈጥሮ ተዋት እንጂ ዱዓ እየሰማ ጣልቃ አይገባም። ከመረቅካቸው ሰዎችም አንዳንዶቹ እንዲሁ ነበር የሚያምኑት።»

«አገሩን እነሱ መሠረቱት። ይህን ቤት ግን የመሠረትኩት እኔ ነኝ። ውጪልኝ!»

ወጣች። ይኸው ዓመት አለፋት፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ክፍል ተከራይታለች፤ በመኪና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሰው ሲጠይቃቸው «ለትምህርቷ እንዲቀርባት ነው» ይላሉ። ውሸታቸውን ነው። በየሶላቱ እጃቸውን ዘርግተው «ያ አላህ፣ ልጄን መልስልኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። ስልካቸው መስገጃው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አንድ ቀን እንኳ አንስተው ኮል አላደረጉላትም።