ሙሪዱ አባቴና ደረሳዋ ልጁ

ክርስቲያን የሥራ ባልደረቦቼ ሙሪድንም ደረሳንም አንድ አድርገው «የሼኽ ተከታይ» ይሏቸዋል። ሲናገሩት አልፋለሁ፤ ሲጽፉት ግን አላልፍም። ሙሪድ ልቡን ለሼኹ ሰጥቷል፤ የተባለውን ይፈጽማል፣ ለምን አይልም። ደረሳ ሊማር የመጣ ነው፤ ካልጠየቀ ይወቀሳል።

አባቴ ሙሪድ ነበር። መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ በየወሩ ሐርላ አጠገብ ወደሚኖሩት ሼኽ ሄዶ፣ እጃቸውን ስሞ ይመለሳል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ከሼኹ ባለቤት ዘንድ ቁርአን ቀርቼ፣ ንባቡን ተምሬያለሁና ደረሳ ነበርኩ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ልግባ አልኩ። አባቴ «ሼኹ አልፈቀዱም» አለና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ለምን እንደከለከሉ አያውቅም፤ ማወቅም የእሱ ሥራ አልነበረም።

በሚቀጥለው ወር አብሬው ሄድኩ። ሙሪዶቹ ተደርድረው በተቀመጡበት ሼኹን የከለከሉበትን ምክንያት ጠየቅኳቸው። አባቴ ምንጣፉ ውስጥ ቢገባ በወደደ። ሼኹ ግን አልተቆጡም፤ «ትምህርት ቤቱ ሌላ ሃይማኖት እንደሚያስተምር ሰምቻለሁ» አሉ። የሚያስተምሩበትን መጽሐፍ አይተውት እንደሆነ ጠየቅኩ። አላዩትም።

ከሻሼ ሥር፣ እዚያ የምትማረውን የጎረቤታችንን ልጅ የንባብ መጽሐፍ አወጣሁ፤ ፊደሉን ያስቆጠረችኝ እሷ ነበረች። የሼኹ አማርኛ የገበያ አማርኛ ስለነበር፣ አንድ ገጽ እያነበብኩ በኦሮምኛ ፈታሁላቸው። ስለ ላምና ስለ ጥጃዋ ነው። አላመኑኝም መሰለኝ፣ ሌላ ገጽ ራሳቸው ገለጡ። እሱም ስለዚያችው ላም ሆነ።

«ላም ሃይማኖት የላትም» አሉ ሳቅ እያሉ። ወደ አባቴም ዞረው፣ «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ሼኽዬ ያሉትን።»

«ይኸው፣ ሃያ ዓመት እጄን ስትስም አፍህ ለሌላ ነገርም መሆኑን ረሳኸው። እሷ ደረሳ ናት፤ ደረሳ ትምህርት ወዳለበት ይሄዳል። አስገባት።»

ሰኞ አንደኛ ክፍል ገባሁ። አብረውኝ የተቀመጡት ልጆች ከትከሻዬ አይደርሱም።

አባቴ እስኪሞት ድረስ ሼኹን አንድም ነገር አልጠየቀም። በዚህ አላፍርም፤ እንደሱ ያለ ታማኝነት እኔ የለኝም። ደብተሬን ይዤ በሱቁ ፊት ሳልፍ ግን፣ ደንበኛ «ልጅህም እንዳንተ ሙሪድ ናት አሉ» ካለው፣ የሚለካውን ጨርቅ ያስቀምጥ ነበር።

«ሙሪዱ እኔ ነኝ» ይላል። «እሷ ደረሳ ናት። ሼኹን ራሳቸውን ጠይቃ መልስ ያመጣች።»